ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንት ኪሎ፣ ስንት ሰዓት? ራሳችሁ አስሉት

«ባሕር ዳር በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብላችሁ ሦስት ሰው ብትጠይቁ ሦስት መልስ ታገኛላችሁ። አንዱ «ግማሽ ሰዓት እኮ ነው» ይላል። ሌላው «አንድ ሰዓት»። ሦስተኛው «ኧረ ተው፣ ግማሽ ቀን ይበላል!» ይላችኋል። ሦስቱም አልዋሹም። የመጀመሪያው አውሮፕላኑ አየር ላይ ቀጥ ብሎ የሚሮጥበትን ብቻ ነው የቆጠረው። ሁለተኛው ቲኬቱ ላይ ያለውን ነው የነገራችሁ። ሦስተኛው ደግሞ ከቤቱ ደጃፍ ተነሥቶ ዘመድ ቤት ሻይ እስኪቀርብለት ድረስ ያለውን።

እዚህ ሦስቱንም በየተራ እናወጣለን። የሚያስፈልጋችሁ ስልክና ስልኩ ላይ ያለው ካልኩሌተር ነው። ምሳሌ የማደርገው ጎጃምን ነው፣ ግን አሠራሩ ለየትኛውም ሁለት ከተማ ይሆናል።

ደረጃ 1፦ የመኪናውን ኪሎ ሜትር እርሱት

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል በመኪና 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአየር 333 ብቻ ነው። ይሄን ያህል ልዩነት ከየት መጣ? ከዓባይ። ዓባይ ጎጃምን በሦስት በኩል አቅፎ ነው የሚዞረው፣ መኪናው ደግሞ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ እየተጠማዘዘ ደጀን እስኪወጣ ድረስ ብዙ ኪሎ ቆጥሮ ትንሽ ነው ወደፊት የሚሄደው። ከዚያም አያበቃም። ከደብረ ማርቆስ በኋላ የጮቄን ተራራ ለመዞር ወደ ምዕራብ ይታጠፋል፤ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ከዚያ ዳንግላና መራዊ። በሞጣ በኩል የሚያቋርጠው መንገድ ያጥራል፣ እሱም ቢሆን የዓባይን በረሃ አያስቀርላችሁም።

ካርታ ላይ ከቦሌ እስከ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ብታሰምሩ ግን ዓባይን ተሻግሮ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ጮቄን በላዩ ላይ አልፎ፣ በአዴት በኩል ይገባል። በዚያ መስመር ላይ መኪና የለም።

ካርታ የማትከፍቱበት ሁኔታ ላይ ከሆናችሁ፣ በእኛ አካባቢ የመኪናውን ርቀት በ0.6 አባዙት። 560 ሲባዛ በ0.6፣ 336 ይመጣል። ከባሕር ዳር ጎንደር በመኪና 180 ኪሎ ገደማ ነው፣ በ0.6 ሲባዛ 108፤ ትክክለኛው የአየር ርቀት 102 አካባቢ ነው። ለወሬ ይበቃል። ግን ይቺን ዘዴ ሜዳ ወዳለበት አገር ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ መንገዱ ቀጥ ያለበት ቦታ ላይ ትዋሻለች።

ደረጃ 2፦ ትክክለኛውን የአየር ርቀት አውጡ

ቀላሉ መንገድ ጉግል ማፕ ነው። ስልክ ላይ መነሻውን ቦታ በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ ያዙ፣ ቀይ ምልክት ሲመጣ ከታች ያለውን ዝርዝር ክፈቱና «ሜዠር ዲስታንስ» የሚለውን ንኩ። ከዚያ ካርታውን እስከ መድረሻው ሳቡት፣ ቁጥሩ ታች ይታያችኋል። ኮምፒውተር ላይ ደግሞ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ መነሻና መድረሻ አድርጋችሁ የምትይዙት አውሮፕላን ማረፊያውን እንጂ የከተማውን መሀል አይደለም።

ኔትወርክ ከሌለ፣ ወይም እንደኔ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ካላያችሁ እንቅልፍ የማይወስዳችሁ ከሆነ፣ በእጅም ይሠራል። የሁለቱን ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ያዙ።

ቦሌ፦ ሰሜን 8.98፣ ምሥራቅ 38.80
ባሕር ዳር፦ ሰሜን 11.61፣ ምሥራቅ 37.32

አሁን ቀንሱ። የሰሜኑ ልዩነት 2.63 ዲግሪ ነው። አንድ ዲግሪ ወደ ሰሜን 111 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 292 ይመጣል። የምሥራቁ ልዩነት 1.48 ነው። ወደ ጎን አንድ ዲግሪ በጎጃም ኬክሮስ ላይ 109 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 161 ይሆናል። ከዚህ በኋላ ያለው የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ የፓይታጎረስ። 292ን በራሱ አባዙ፣ 85,264። 161ን በራሱ አባዙ፣ 25,921። ደምሩ፣ 111,185። ካሬ ሥሩን አውጡ፣ 333። በቃ።

ይሄ የሚሠራው አገር ውስጥ ብቻ ነው። ወደ ጎን ያለው ዲግሪ ከምድር ወገብ በራቃችሁ ቁጥር እየጠበበ ይሄዳል፤ እኛ ጋ 109 የሆነው ፍራንክፈርት ላይ ሲደርስ 72 እንኳ አይሞላም። በዚህ ቀመር የአውሮፓን ርቀት ያሰላ ሰው የሆነ ባሕር መሀል ነው የሚያርፈው።

ደረጃ 3፦ ለሩቅ አገር ክር ያዙ

ለሩቅ ጉዞ ጠፍጣፋ ካርታ አትመኑ። ግድግዳ ላይ ያለውን የዓለም ካርታ አይታችሁ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ማስመሪያ ብታስቀምጡ መስመሩ በሰሐራ ደቡባዊ ክፍል አልፎ በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ በኩል ውቅያኖስ ይገባል። አጭሩ መንገድ ግን እሱ አይደለም። ትምህርት ቤት ያለውን ሉል ውሰዱና በሁለቱ ከተሞች መሀል ክር ወጥሩበት። ክሩ ራሱ ወደ ሰሜን ይንሸራተታል፤ በሱዳንና በሰሐራ አድርጎ፣ አልጄሪያን ይዞ፣ ስፔን ላይ ይወጣና ከዚያ ነው አትላንቲክን የሚሻገረው። የርቀት ማስያ ድረ ገጾች ሁሉ የሚሰጧችሁ ይሄን የክሩን ርቀት ነው።

በዚህ መንገድ ከቦሌ ሲለካ ጂዳ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዱባይ 2,500 ከፍ ያለ፣ ፍራንክፈርት 5,350፣ ዋሽንግተን 11,560 አካባቢ ነው። ከባሕር ዳር ለሚነሣ ሰው 333ቱን ጨምሩበት፣ መጀመሪያ ቦሌ መውረዳችሁ አይቀርምና።

ሌላ የሚያምታታ ነገር፤ አንዳንዱ ድረ ገጽ በማይል ይጽፋል፣ አንዳንዱ በኖቲካል ማይል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ተራው ማይል 1.61 ኪሎ ሜትር ነው፣ ኖቲካሉ 1.852። ስለዚህ ባሕር ዳር አንድ ቦታ 207፣ ሌላ ቦታ 180 ተብሎ ብታዩት አትደንግጡ፣ ሁለቱም ያው 333 ኪሎ ሜትር ናቸው።

ደረጃ 4፦ ርቀቱን ወደ ሰዓት ቀይሩ

ቀመሩ አጭር ነው፤ ርቀቱን ለአውሮፕላኑ ፍጥነት አካፍሉ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ።

ግማሽ ሰዓቷ ለምንድን ነው? ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ጊዜ ጀምሮ መድረሻው ላይ ተመልሶ እስኪቆም ድረስ ነው። ቦሌ ላይ ተራ ጠብቆ ወደ መንደርደሪያው መሄድ አለ። መውጣት አለ፣ ሲወጣ በሙሉ ፍጥነቱ አይሄድም። መውረድ አለ፣ ባሕር ዳር ደግሞ እንደ ነፋሱ ዞሮ ማረፍ ሊኖር ይችላል። በመስኮት በኩል የተቀመጠ ሰው ጣናን አይቶ «ደረስን» ካለ በኋላም ትንሽ መቆየቱ ለዚህ ነው።

ፍጥነቱን በግምት እንዲህ ያዙት። ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8፣ ኪው 400 የሚሉት፣ ቢበዛ በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ለስሌት 600 ይበቃል። ቦይንግ 737 ለአጭር መንገድ 800 በሉት። ድሪምላይነሩ 787 ደግሞ ከፍታውን ከያዘ በኋላ 900 ገደማ ነው።

እንሞክረው። 333 ሲካፈል ለ600፣ 0.55 ይሰጣል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ 0.55 ማለት 55 ደቂቃ አይደለም! በ60 አባዙት፣ 33 ደቂቃ ነው። ግማሽ ሰዓት ሲጨመር አንድ ሰዓት ከምናምን። ቲኬቱም አንድ ሰዓት አካባቢ ነው የሚላችሁ። በ737 ከሆነ 333 ለ800፣ 25 ደቂቃ፤ ሲደመር 55 ደቂቃ። እዩት እንግዲህ፣ ጄት ሆኖ ያተረፈው ስምንት ደቂቃ ነው። አጭር መንገድ ላይ አውሮፕላኑ ወጥቶ ሳይጨርስ መውረድ ስለሚጀምር ፍጥነቱን የሚጠቀምበት ጊዜ የለውም። ስለዚህ «ትልቁ አውሮፕላን ይሻለኛል» ብላችሁ ሰዓት አታንዛዙ፣ የሚመቻችሁን ሰዓት ምረጡ።

ዱባይን ብትሞክሩት 2,500 ለ850 (በ737ቱና በ787ቱ መሀል ያለ ፍጥነት)፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከግማሽ ጋር ሦስት ተኩል። ቲኬቱ ግን ወደ አራት ሰዓት ነው የሚለው። የአየር መንገዱም እንደ መኪናው መንገድ የራሱ መስመር አለው፣ የተዘጋ የአየር ክልል ካለ ይዞራል፣ አየር መንገዶችም ለመዘግየት የምትሆን ትንሽ ትርፍ ሰዓት ፕሮግራሙ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ለዓለም አቀፍ በረራ በስሌቱ ላይ ሌላ ግማሽ ሰዓት ብታክሉ ከእውነቱ አትርቁም።

የዋሽንግተኑ ነገር ለብቻው ነው። ሲሄዱና ሲመለሱ እኩል አይደለም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙሉ ነዳጅ የጫነ ከባድ አውሮፕላን መነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ ሲሄድ መንገድ ላይ አንድ ቦታ ወርዶ ነዳጅ ይሞላል። ሲመለስ የሚነሣው ከዝቅተኛ ቦታ ነው፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የላይኛው ነፋስም ከኋላ ይገፋዋል፣ በቀጥታ 13 ሰዓት ገደማ በርሮ ቦሌ ይገባል። ስለዚህ የመሄጃውን ሰዓት አይታችሁ የመመለሻውን እንዳትገምቱ።

ደረጃ 5፦ የቲኬቱን ሰዓት ወደ እኛ ሰዓት መልሱ

ርቀቱን ማንም ያወጣዋል። ሰው በረራ የሚያመልጠው እዚህ ጋ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንሂድ።

ቲኬት ላይ ያለው በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በ24 ሰዓት ነው። ከ07:00 እስከ 18:59 ያለውን 6 ቀንሱበት፤ 07:00 ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ 14:30 ከቀኑ 8:30 ነው። ከ19:00 እስከ 23:59 ያለውን 18 ቀንሱበት፤ 21:15 ከምሽቱ 3:15 ይሆናል። ከ00:00 እስከ 06:59 ያለውን ደግሞ 6 ጨምሩበት፤ 02:00 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው።

አሁን ዋናው ወጥመድ። የፈረንጁ ቀን የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። በእኛ አነጋገር ግን ሌሊቱ ገና የትናንቱ ነው፣ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው። ለምሳሌ ቲኬታችሁ «ጃንዋሪ 19፣ 00:30» ይላል እንበል። ጃንዋሪ 19 በአብዛኛው ዓመት ጥር 11፣ ጥምቀት ነው። «ጥምቀት ማታ ነው በረራዬ» ብላችሁ ታቦቱን ሸኝታችሁ፣ በልታችሁ ጠጥታችሁ ቦሌ ብትሄዱ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። የእናንተ በረራ ለጥር 11 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:30 ነው። ከቤት የምትወጡት የከተራ ዕለት፣ ገና ማታ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ቲኬቱ በ00 እና በ05 መካከል የሚጀምር ሰዓት ካለው፣ ወረቀት ላይ «ለ11 አጥቢያ» ብላችሁ በእጃችሁ ጻፉ። ለሚሸኛችሁም ሰው እንደዚያው ንገሩ።

የመድረሻ ሰዓት ሁልጊዜ በመድረሻው አገር ሰዓት ነው የሚጻፈው። ሳዑዲ፣ ኩዌትና ኳታር ከእኛ ጋር እኩል ናቸው። ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች። ፍራንክፈርት በበጋቸው በአንድ፣ በክረምታቸው በሁለት ሰዓት ወደኋላ ነው። ዋሽንግተን በበጋቸው በ7፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ወደኋላ። እንግዲህ አንድ ቲኬት «ከአዲስ አበባ 23:00፣ ዱባይ 04:00» ቢል አምስት ሰዓት በረራ እንዳይመስላችሁ። ዱባይ 04:00 ሲሆን እኛ ጋ 03:00 ነው። ከምሽቱ 5 ተነሥቶ ከሌሊቱ 9 ገባ፤ አራት ሰዓት። ከመድረሻው ሰዓት አጠገብ ትንሽ +1 ካያችሁ ደግሞ በማግሥቱ ይደርሳል ማለት ነው።

ደረጃ 6፦ ከደጅ እስከ ደጅ ደምሩ

አሁን ወደ ሦስተኛው ሰውዬ መጣን። የአንድ ሰዓት በረራ ስትሄዱ ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ማረፊያው ላይ ብትገኙ ጥሩ ነው። ፍተሻ አለ፣ ሻንጣ ማስረከብ አለ። ስትወርዱ ሻንጣ መጠበቅና ከቦሌ ወደ ሰፈራችሁ መግባት አለ፤ አንድ ሰዓት በሉት። ከቤት ማረፊያው እስኪደረስ ግማሽ ሰዓት ብንጨምር፣ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ላለ ሰው እንኳ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ሆነ። ከ560 ኪሎ ሜትር መኪና ጋር ስታወዳድሩት አሁንም አውሮፕላኑ በብዙ ይበልጣል።

ገጠሩና ትናንሽ ከተሞቹ ጋ ስንመጣ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። መራዊ፣ አዴት ወይም ዳንግላ ከሆናችሁ አታስቡ፣ ባሕር ዳር ቅርብ ነው፣ ብረሩ። ፍኖተ ሰላም ከሆናችሁ ባሕር ዳር ወደ 180 ኪሎ ሜትር፣ አዲስ አበባ ከ380 በላይ ነው። ሚኒባሱን ሦስት ሰዓት ብንለው፣ ከላይ ካለው ጋር ሲደመር ሰባት ሰዓት ያልፋል፤ በቀጥታ በአውቶቡስ የሚሄደው ሰው ብዙም አይቀደምም፣ ገንዘቡም ኪሱ ውስጥ ነው። እዚያ ላይ የሚወስነው መንገዱ ነው። የመንገዱን ሁኔታ በዚያ ሳምንት ካለፈ ሰው ጠይቁ፣ መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ኪሎ ሜትር መቁጠር ትርጉም የለውም። ደጀን ሆኖ ወደ አዲስ አበባ ለመብረር ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ካለ ግን... ጀርባውን ለመድረሻው ሰጥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ሊነዳ ነው። ዓባይን ቢወርድ ይሻለዋል።

በረራው ከጠዋቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ከሆነና እናንተ ከከተማ ውጭ ከሆናችሁ፣ ማታውን ባሕር ዳር እደሩ። በሌሊት መንገድ ላይ አትመኩ። የአልጋውንም ዋጋ ከቲኬቱ ጋር ደምራችሁ ነው ውድ ነው ርካሽ ነው የምትሉት።

ክረምት ላይ፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ የከሰዓቱ ዝናብና ነጎድጓድ በረራ ሊያዘገይ ይችላል። ጠዋት የሚበር ቲኬት ካለ እሱን ያዙ። ከቦሌ ወደ ውጭ አገር የምትቀጥሉ ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም በረራ በአንድ ቲኬት ቁረጡ። በአንድ ቲኬት ከሆነና የባሕር ዳሩ ቢዘገይባችሁ፣ ቀጣይ በረራ መፈለግ የአየር መንገዱ ሥራ ነው። ለየብቻ ከቆረጣችሁት ግን ያመለጠው ያመለጠ ነው፣ ስለዚህ በመሀል ሰፊ ሰዓት ተዉ፤ እኔ ከሆንኩ በዋዜማው እገባለሁ።

ለሚጠብቅ ሰው

እናቶች ልጃቸው ከዱባይ ስትመጣ ከተነሣችበት ሰዓት ጀምሮ ነው የሚቆጥሩት። «አራት ሰዓት ነው ብለሽኝ አልነበር፣ ይኸው ስድስት አለፈ፣ ምነው ልጄ?» ይሄ እንዳይመጣ የበረራ ቁጥሩን ቤት ላለው ወንድም ወይም እኅት ስጡ። ፍላይትራዳር የሚባለው አፕ ላይ ቁጥሩን ሲያስገቡት አውሮፕላኑ አሁን የት እንዳለ ይታያል፣ ያው በረራ ባለፉት ቀናት በትክክል ስንት ሰዓት እንደፈጀም ይዘረዝራል። ከየትኛውም ቀመር ይልቅ እሱን እዩ። ለእናት የምትነግሯቸው ሰዓት ግን የሚያርፍበትን አይሁን። ፓስፖርት ማስመታት፣ ሻንጣ መጠበቅ፣ የስልክ ካርድ መፈለግ አለ። ካረፈ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ጨምራችሁ ንገሯቸው፣ ቀድማ ከደወለች ደስታ ነው።